«እየደረስን ነው» ማለት ስለማቆማችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መኪናችሁ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንድናነሣላችሁ ስትጠሩን ምን እንደገጠማችሁ እንድትጽፉልን በቴሌግራም ጠይቀናችሁ ነበር። ምስጋናውን ተቀብለናል፤ ይህ ደብዳቤ ስለ ወቀሳው ነው። ወቀሳችሁ ሲጨመቅ ሁለት ነው። አንደኛው «መኪናችን ቆመ ስንላችሁ ከመምጣት ይልቅ ጥያቄ ታበዛላችሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው «እየደረስን ነው ትላላችሁ፣ አትደርሱም» ይላል። ሁለተኛው እውነት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከገርጂ ደወሉ። ዝናብ ይዘንባል፣ ልጃቸው ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ስልኩን ያነሣው ልጃችን «በአርባ ደቂቃ እንደርሳለን» አላቸው። የደረስነው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በመሀል አራት ጊዜ ደውለዋል፤ አራቱንም ጊዜ «እየደረስን ነው» ተብለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲባሉ ሎቤዳችን፣ መኪናን ሙሉ በሙሉ ጀርባዋ ላይ የምትጭነው፣ ገና ሰበታ ላይ ሌላ መኪና እያወረደች ነበር።

ይህን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤቱ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» የማይል ማን አለ? ቡና ለተቃጠሩት ጓደኛ ይህ ይታለፋል። ልጅ ይዞ በጨለማ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ግን እኛ የምንነግረው ሰዓት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የሚወስንበት ነው። እውነቱን ብንነግራቸው ኖሮ መኪናዋን ቆልፈው፣ ራይድ ጠርተው፣ ልጃቸውን አልጋዋ ላይ አስተኝተው ይመለሱ ነበር። ሦስት ሰዓት ያስቀመጣቸው የእኛ ቃል እንጂ የመኪናቸው ብልሽት አይደለም። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ የዚያን ቀን ሒሳብም አልተቀበልንም።

ከመስከረም 1 ጀምሮ ስልክ የሚያነሣው ባልደረባችን «እየደረስን ነው» እንዳይል ተነግሮታል። መኪናችን ያለችበትን ሰፈር ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል። «ሎቤዷ ሰበታ ናት፤ ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል፤ ከዚያ ቀለበት መንገዱ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል» ይላችኋል። ካልተመቻችሁ ሌላ ጥሩ፤ አንቀየምም። ያለን አንድ ሎቤድ፣ የፊት ጎማ ብቻ አንሥቶ የሚጎትት አንድ ክሬን፣ መካኒክ የምትይዝ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ናቸው። ከዚህ በላይ ያለን አስመስለን መናገራችን ነው ያሳፈረን።

ጥያቄ ማብዛታችንን ግን አንተውም። ምክንያቱን እንንገራችሁ።

«የት ናችሁ?» ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ማለት ምልክት ነው፤ ከማደያው ከፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት። የኮሪደር ልማቱ ከእነዚህ ምልክቶች ብዙዎቹን አንሥቷቸዋል። ፒያሳ ሹፌሮቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚነዱበት ሰፈር ነበር። አንድ ደንበኛ «ዶሮ ማነቂያ መግቢያው ላይ ነኝ» ብለውን ሹፌራችን በአዲሱ አስፋልት ሁለት ጊዜ አጠገባቸው አልፎ ዞሯል። እሳቸው የቆሙት ዶሮ ማነቂያ ከነበረበት ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው በር አሁን የለም። ስለዚህ ሎኬሽን በቴሌግራም ላኩልን። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ፊታችሁ ወደየት እንደሆነ ንገሩን፤ «ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው በኩል» ማለት ይበቃናል። ቀለበት መንገድ ላይ ከማዶ ከመጣን እያየናችሁ እናልፋለን። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ከሆነማ መዞሪያ ለማግኘት ብዙ ኪሎ ሜትር መንዳት ግድ ነው።

ቀጥሎ የምንጠይቀው ስለ ካምቢዮው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከእንጦጦ ደውለው ልጃችን «ጋሼ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ማንዋል?» ቢላቸው፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ አንተ ልትፈትነኝ ነው?» አሉት። ሳቅን፤ እሳቸውም ኋላ ላይ ስቀዋል። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ጉልበት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ነጂ ጎማዎቹ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞራቸው፣ መሬት እየነኩ ከተጎተተ ዘይት አይዞርም፤ ውስጡ ደርቆ ይፋጫል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ደግሞ የፊቱን ብቻ ማንሣትም አያድነውም። ባትሪው ብቻ ወርዶበት ከሱሉልታ በአላፊ አይሱዙ በገመድ ተጎትቶ የገባ መኪና ግቢያችን መጥቶ ያውቃል። ባትሪ ቢቀየርለት ያበቃ ነበር። ካምቢዮውን ለማስጠገን ባለቤቱ ያወጡትን እዚህ መጻፍ አንፈልግም፤ ሲሰሙት ያማል።

ገመድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል፣ መሪም ይከብዳል። ቁልቁለት ላይ በሦስት ሜትር ገመድ ታስሮ የሚወርድ ሰው ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ቢቆም በጊዜው መቆም የሚችለው በዕድሉ ነው። ለዚህ ነው የገመድ ሥራ የማንቀበለው። እንቢ ስንል ሒሳብ ለማስወደድ አይደለም።

አሁን ወደ ገርጂዋ ምሽት እንመለስ፤ ሁለቱ ወቀሳዎች የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና። «አርባ ደቂቃ» የተባለው ክሬናችን መገናኛ አካባቢ ስለነበረ ነው። ክሬኑ ከተነሣ በኋላ ሹፌሩ ሲደውልላቸው መኪናዋ ኤሌክትሪክ እንደሆነች፣ ነጂዎቹም የኋላ ጎማዎች እንደሆኑ ሰማ። ስልኩን ያነሣው ልጅ አልጠየቀም ነበር። እንዲህ ያለችውን መኪና በክሬን ፊቷን አንሥተን የኋላ ጎማዋን ብናንከባልል ሞተሩ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ይሞቃል፤ ሲብስም ይቃጠላል። ክሬኑ ተመለሰ፤ ሎቤዷ ሰበታ ናት። ለአንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ ሦስት ሰዓት ተከፈለ፤ ጉድለቱን ለመሸፈን ደግሞ አራት ጊዜ ተዋሸ።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ከምናነሣቸው መኪኖች ውስጥ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየበዛ ነው። ቢዋይዲም ሆነ የፎልክስዋገን አይዲ ወይም ቶዮታ፣ የምንጭነው በሎቤድ ብቻ፣ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ነው። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ የሚያሳስባቸው ትልቁ ባትሪ ነው፤ እኛን ብዙ ጊዜ የሚያስጠራን ግን ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። አዎን፣ የኤሌክትሪክ መኪናም እሷ አለችው። ስትወርድ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነቃም፤ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፣ ማርሹም ወደ ገለልተኛ አይገባም። ያን ጊዜ በመጀመሪያ መካኒኩን በፒክአፗ እንልካለን፤ ትንሿን ባትሪ ከውጭ ኃይል ሰጥቶ ሲያነቃት ብዙ ጊዜ ሎቤዷም አታስፈልግም። «ዳሽቦርዱ ጭራሽ አይበራም» ወይም «ይበራል ግን አይሄድም» የምትሉን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣ ይወስናል። የሒሳቡ ልዩነትም ትንሽ አይደለም።

እሑድ ማታ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥሪ ይመጣል፤ ከአዳማ ሲመለሱ ቻርጅ ያለቀባቸው። ጠዋት ሲወርዱ ባትሪው አልጎደለም ነበርና ሲመለሱም እንደዚያው የሚሆን ይመስላቸዋል። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ዳገት ለመውጣት ብቻ፣ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬደውን ያህል ጉልበት ይጨርሳል። ሰው ሞልቶ፣ ነፋስ ተጨምሮ፣ ፍጥነቱ 110 ሲሆን ዱከም ላይ ማየት ነው። ሲወርዱ ያዩትን ቁጥር አይመኑት።

በነዳጅ ለሚሄዱትም የከፍታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንደ ባሕር ጠረፍ 100 አይደርስም። የሞተሩን ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ያፈነው ግፊት ነው። ሙቀት ጠቋሚው ከወጣ ክዳኑን አትንኩ፤ ከፈታችሁት ያ የታፈነ ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ጠብቁ። ደግ አላፊ አግዳሚ ሃይላንድ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ቢመጣ አመስግናችሁ ጠጡት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል።

ነዳጅ ያለቀባችሁም ንገሩን። ሰው ለምን እንደሚያፍርበት አይገባንም፤ በዚህ የማደያ ሰልፍ ዘመን የማያልቅበት የለም። «ሞተሩ እንቢ አለ» ተብለን መካኒክ ልከን፣ መካኒኩ ጠቋሚውን ሲያይ ባለቤቱ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ። ማደያዎች በጀሪካን ስለማይቀዱልን ነዳጅ ይዘን መምጣት አንችልም። ማድረግ የምንችለው መኪናውን ጭነን ማደያ ማድረስ ነው። ጎማ ከሆነ ደግሞ ስኮርት ጎማና ክሪክ እንዳላችሁ ብቻ ንገሩን፤ ካላችሁ በአቅራቢያው ያለ ጎሚስታ ከእኛ ይረክሳል።

ሒሳብ ላይ ብዙ ሐሜት ስላለ ግልጽ እናድርገው። ቃሊቲ ካለው ግቢያችን ተነሥተን ግቢያችን እስክንመለስ ያለው ኪሎ ሜትር ይታሰባል፤ ባዶ የምንመለስበትም ጭምር። በዚህ ላይ መነሻ ክፍያ አለ። መኪናው ቦይ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ለብቻው ነው። ድምሩ በስልክ ይነገራችኋል፤ በቴሌግራምም ይጻፍላችኋል። ስንደርስ አይጨምርም። ቦታውን ወይም የመኪናውን ዓይነት በተሳሳተ መንገድ ነግራችሁን ከሆነ ብቻ፣ ከመጫናችን በፊት እንነጋገራለን። ከእኛ ቀድሞ «ከድርጅቱ ነን» እያለ ሰንሰለት የሚያስር ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ። የላክነውን መኪና ታርጋ አስቀድመን እንጽፍላችኋለን። አስሮ ከጨረሰ በኋላ ዋጋ መከራከር ከባድ እንደሆነ ከእናንተው ሰምተናል።

ግጭት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚደወለው ለእኛ አይደለም። የተጎዳ ሰው ካለ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ እሳት ካለ 939፣ ለፖሊስ 991። ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን (ንድፍ) ሳያነሣ መኪናውን ብንጭነው ኢንሹራንስ ላይ ጣጣው ለእናንተ ነው፤ ቀድመን ብንደርስም ቆመን እንጠብቃለን። መኪናችሁ ሙሉ ሽፋን ቢኖረው እንኳ ተራ ብልሽት ላይ የማንሻ ወጪ ይሸፈናል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ውላችሁን አውጥታችሁ ዛሬውኑ እዩት።

እስክንመጣ ፍሬቻውን ሁለቱንም በኩል አብሩ፣ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ሰው ሁሉ ከመኪና ወርዶ ከአስፋልቱ ውጭ ይሁን። ልጆችም ጭምር፣ ዝናብ ቢሆንም። ሦስት ማዕዘን ከሌላችሁ ድንጋይና ቅጠል እንደምትደረድሩ እናውቃለን፤ እኛም አድርገናል። ስንጭናችሁ ግን ሹፌራችን «ድንጋዩን እናንሣ» ቢላችሁ አታቻኩሉት። ሌሊት ሱሉልታ መንገድ ላይ ያነሣነው አንድ መኪና የተበላሸው ማን እንደተወው በማይታወቅ የታኮ ድንጋይ ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የስምሪት ክፍል

ማሳሰቢያ፦ በሎቤዷ ጋቢና ውስጥ የተረሱ ሦስት ጃንጥላዎች፣ አንድ የሕፃን ጫማ (የግራ)፣ ባለ ሁለት ሊትር ጀበና ፌርሙስና የአንድ ሰው የንባብ መነጽር ግቢያችን ተቀምጠዋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀን ቀን መጥታችሁ ውሰዱ። ፌርሙሱን አጥበነዋል።