ራስሽን እያመመሽ ወደ ላይ እንዳትወጪ

ቤዛዬ፣ የኔ ልጅ፣

ወንድምሽ ነግሮኛል። እሱን እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣሁት። «ማናንግ ደርሳለች፣ ትንሽ ራሷን አሟታል፣ ግን ደህና ናት» ብሎ ሊያልፈው ነበር። ቆላ ላይ ብትሆኚ እኔም ትንሽ ብዬ አልፈው ነበር። አንቺ ግን ያለሽው ኔፓል ተራራ ውስጥ፣ 3,500 ሜትር ላይ ነው። ነገ ተነስታችሁ ወደ ያክ ካርካ ልትወጡ ነው አሉ፣ ከዚያ ቶሮንግ ፌዲ፣ ከዚያ 5,416 ሜትር ላይ ያለችውን የተራራ ማለፊያ፣ ቶሮንግ ላን፣ ልታቋርጡ።

ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆየንና ይህቺን ብቻ ስሚኝ። ራስሽን እያመመሽ ወደ ላይ እንዳትወጪ።

የምትመልሽልኝን አውቀዋለሁ። «እማዬ ደሞ፣ እኔ የደጋ ልጅ አይደለሁ እንዴ!» ነው የምትይው። ደጋ ማደግሽ እውነት ነው። ግን ያደግሽበት ደጋ አሁን ካለሽበት በሺህ ሜትር ያነሰ ነው፣ በዚያ ላይ ስንት ዓመት ዶሃ ባሕር ጠርዝ ላይ ኖረሻል። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ቶሎ ይረሳል። ቶሮንግ ላ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ዶሃ ካለው ግማሹን ያህል ነው። ጂም መሥራትሽ፣ ወጣት መሆንሽ፣ ሩጫ መቻልሽ እዚህ አያድንሽም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ነው ቶሎ ቶሎ ወጥቶ የሚታመመው፣ ምክንያቱም ቀስ በል የሚለው ሰው የለም።

ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እናትነቴን ለጊዜው ተይውና እንደ ነርስ ልንገርሽ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሪበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው ማደር ነው። ቀን ላይ ከፍ ብለሽ ዞር ዞር ብለሽ ብትመለሺ ጥሩ ነው፣ ይለምድልሻል። ዋናው የምትተኚበት ነው። ፌዲ ስትደርሱ «ነገ እንዳይከብደን ዛሬውኑ ላይኛው ካምፕ ወጥተን እንደር» የሚል አይጠፋም። እምቢ በይ።

ራስ ምታት ብቻውን ከሆነ ያለሽበት ቆይተሽ፣ አርፈሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ ይለቅሻል። ማስታወክ ከተጨመረበት፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድካሙ ከአልጋ አላስነሳ ካለሽ ግን ቀልድ የለም። ጠዋት ተነስተሽ ወለሉ ላይ የአንዱን እግርሽን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘሽ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ ሂጂ። ከተንገዳገድሽ አንጎልሽ ውኃ መቋጠር ጀምሯል ማለት ነው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው። ቁጭ ብለሽ እያለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ሳል ይዞሽ አረፋ ያለው አክታ ከመጣም እንደዚያው ነው፣ ያ ሳንባ ነው። ለዚህ ነገር መድኃኒቱ መውረድ ነው። ኦክስጅኑም መርፌውም ኪኒኑም እስክትወርጂ ድረስ የሚደግፍሽ ነው እንጂ መውረድን አይተካም።

ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም ኪኒን ይዘሻል አሉ። ማን አዘዘልሽ? በልጅነትሽ ያ ሽሮፕ ተሰጥቶሽ ሰውነትሽ ሁሉ ሽፍ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ታቅፌሽ ያደርኩት የሰልፋ መድኃኒት ነበር። ዳያሞክስም ከዚያው ወገን ነው። ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትውጪ። እዚያው ማናንግ ውስጥ የሂማሊያ ነፍስ አድን ማኅበር ጤና ጣቢያ አለ፣ በጉዞ ወቅት ሐኪሞች አይጠፉበትም። ዛሬውኑ ሄደሽ ራስሽን አሳዪ፣ የሰልፋውንም ነገር ንገሪያቸው። የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትነኪ። አልኮልም እንደዚሁ፣ አንዲት ብርጭቆ እንኳን።

የአጎትሽን የራስ ዳሽን ጉዞ አንቺ የምታውቂው እሱ እየሳቀ ሲያወራው ነው። ሳቁን ተይውና እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ጨነቅ ካምፕ ካደሩበት ዕለት ጀምሮ ራሱን ሲያመው ነበር። አልተናገረም። ጓደኞቹን ማስቀረት ከበደው፣ ይሉኝታ ያዘው። በነጋታው ቧሂትን ሲወጡ እግሩ መተሳሰር ጀመረ። ጓደኞቹ ከፊት ከፊት እየሄዱ ይዘፍናሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ያየው በቅሎ ነጂው ነው። ሰውዬው ጠጋ ብሎ ስሙን ጠየቀው፣ አጎትሽ የገዛ ስሙን አሰላስሎ ነው የመለሰው። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅድ ጭነቱን አራግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣውና ወደ ታች ይዞት ወረደ። ደባርቅ ሲደርስ አጥሚት ስጡኝ አለ። ያ ሰው ባያየው ኖሮ ዛሬ አጎት የሚባል አልነበረሽም።

እኔም እኮ በዚያ ጉዞ ልሄድ ነበር። ይህንን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ቤት ውስጥ እያደረግኩ ሳለማምደው ሰንብቻለሁ። አያትሽ አዩኝና «ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ገደል ለገደል?» አሉ። በቃ። በእኛ ቤት አያትሽ አንዴ ከተናገሩ መልስ የለም። ጫማውን ለአጎትሽ ሚስት ሰጠኋት። ከዚያ ሥራው መጣ፣ ትዳሩ መጣ፣ እናንተ መጣችሁ፣ አሁን ደግሞ ጉልበቴ እምቢ አለ። ተራራ የሚባል ነገር በቴሌቪዥን ሲመጣ ድምፁን የምጨምረው ለምን እንደሆነ አባትሽ እንኳን አያውቅም።

ያቺን የብራጋን መንደር ፎቶ ስትልኪልኝ ስልኩን አልለቀቅኩትም። ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ጣሪያ ላይ ተደራርበው፣ ጥንታዊው ገዳም ደግሞ ከሁሉም በላይ ቋጥኙን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ጥግ ላይ ያሉትን አሮጊት አሳድጌ አየኋቸው። እጃቸው የጸሎቱን መንኮራኩር ሲያዞር ነው ያነሳሻቸው። እጀታው ከመነካት ብዛት መሃሉ ሰርጉዷል። ስንት ዘመን ስንት ሰው ነክቶት ይሆን? አስፈቅደሽ ነው ግን ያነሳሻቸው? ሳታስፈቅጂ ሰው አታንሺ። ቤተ መቅደስ ስትገቢ እንደ ቤትሽ ጫማሽን አውልቂ። ጸሎት የተቀረጸባቸውን የድንጋይ ግድግዳዎች በቀኝሽ እያደረግሽ እለፊ፣ የአገሬው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሙክቲናትን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያች ማለፊያ ማዶ፣ 3,700 ሜትር ላይ ነው። ለሂንዱዎቹም ለቡድሂስቶቹም ቅዱስ ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ይጸልያሉ። 108 የውኃ መውረጃዎች አሉት፣ ውኃው ከበሬ ጭንቅላት አፍ ነው የሚወርደው። አጠገቡ ባለው ትንሽ ቤተ መቅደስ ደግሞ ከመሬት በሚወጣ ጋዝ የምትነድ ነበልባል አለች፣ ውኃው ከሥሯ ይፈሳል። ይህንን ሁሉ አንብቤ ነው የምነግርሽ፣ አንቺ በዓይንሽ ልታዪው ነው። ስለዚህ ቅሪ አላልኩሽም። ደርሰሽ እንድታዪ ነው የምለፈልፈው። ራስሽን እያመመሽ ግን አይሆንም።

አንድ ቀን ብትዘገዪ ሙክቲናት የትም አይሄድም። የአውሮፕላን ቲኬትሽ ቢቃጠል እኔ እከፍላለሁ፣ ወንድምሽም ያዋጣል። ቀን ቆጥሮ መሮጥ ነው ሰው የሚገድለው።

የአየሩንም ነገር አትናቂ። በፈረንጆቹ 2014 ልክ በዚህ በጥቅምት ወር፣ ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ድንገት በረዶ ይዞባቸው መጥቶ በዚያ በአናፑርና አካባቢ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙ ሰው ማለፊያዋን ሲያቋርጥ ነው የደረሰበት። አስጎብኚሽ ዛሬ አንወጣም ካለ አትከራከሪው። ከ2023 ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ያለ አስጎብኚ እንዳይጓዝ ደንብ ያወጡት በከንቱ አይደለም።

በቅሎዎች ሲመጡብሽ በተራራው በኩል ቁሚ፣ በገደሉ በኩል እንዳትቆሚ፣ ጭነታቸው ይገፋሻል። ማለፊያዋን ከወጣሽ በኋላ ቁልቁለቱ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ ጉልበትሽን ይበላዋል፣ በዱላ ተደገፊ። የስልክሽን ባትሪ ማታ ማታ እንቅልፍ ከረጢትሽ ውስጥ አስገቢው፣ ብርድ ይጨርሰዋል። የኢንሹራንስሽን ወረቀት አውጥተሽ አንብቢ፣ ሄሊኮፕተርን እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን እዪው። 5,000 ካለ ለቶሮንግ ላ አይበቃም፣ ዛሬውኑ ለወንድምሽ ንገሪው፣ ያስተካክልልሽ።

የቡድኑ ሰው ምን ይለኛል እንዳትዪ። አጎትሽንም የያዘው እሱ ነው። አምስቱም ቢወጡ አንቺ ትቀሪያለሽ። እናቴ ከለከለችኝ በያቸው፣ እኔ ላይ አላኪው፣ እኔ ግድ የለኝም።

በይ አሁን ይህንን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሺና ለአስጎብኚሽ ራስሽን እንደሚያምሽ ንገሪው። መቼ እንደጀመረሽ፣ ማስታወክ ካለም ሳትደብቂ። ከነገርሽው በኋላ እሱ ያለሽን ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ። ጠዋት ያንን አሥር እርምጃ ከሄድሽ በኋላም እንደዚሁ። እዚህ ሌሊት ይሆናል ብለሽ አትተዪው፣ ስልኬን አላጠፋም።

እናትሽ