ይድረስ ለትኬት ቢሮው ሥራ አስኪያጅ፦ የማዘርን ወንበር በተመለከተ

ጤና ይስጥልኝ። ፋይሉ እናንተ ጋ ስላለ ከመጀመሪያው አልዘረዝርም። ሐዋሳ ፒያሳ ያለው ቢሯችሁ "ነገ ተመለስ" ሲለኝ ከርሟል፤ ስልክም አታነሱም። የትናንቱ ግን አንገፍግፎኝ ነው የምጽፈው።

በዶሃ በኩል ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ የምትሄድበትን ትኬት ስንቆርጥ የማዘር እግር እንደሚያብጥ፣ ሐኪሟም በረራው ላይ እየተነሳች እንድትራመድ እንዳዘዛት ነግረናችኋል። ልጅቷ "ማዘር አይጨነቁ፣ ኮሪደር ዳር ይዤልዎታለሁ" አለች። የትኬቱ ፖስታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ኮሪደር" ብላ ጽፋ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። ለወንበር ምርጫ ተብሎም ተጨማሪ ብር ከፍለናል። ትናንት ቡኪንጉን ራሴ ከፍቼ ሳየው ወንበሯ መሃል ነው፣ በሁለት ሰው መካከል።

ወዲያው መጣሁ። የተቀበለኝ ልጅ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ፣ "ወንድሜ፣ ወንበር ወንበር ነው፣ የትም ብትቀመጥ ኦክላንድ እኩል ነው የምትደርሰው" አለኝ። አጠገቡ ያለችው ሳቀች። እሺ፣ እኩል ትደርሳለች። ግን ከዶሃ ኦክላንድ 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 16 ሰዓት አካባቢ፣ ያለማረፍ። ስትመለስ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ 17 ሰዓት ያልፋል። ከ4 ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጉዞ ሳይነሱ መቀመጥ እግር ላይ ደም ሊያረጋ እንደሚችል ይህን ትኬት የሚሸጥ ሰው ማወቅ የለበትም? ማዘርን ደግሞ አውቃታለሁ። በይሉኝታዋ የተኛ ሰው ቀስቅሳ ከምታልፍ ሽንቷን ይዛ ኒው ዚላንድ ብትገባ ትመርጣለች።

ሌላም አለ። "ታዟል" የተባለው የጾም ምግብ ቡኪንጉ ላይ የለም፤ ዊልቸሩም የለም። እነዚህ ቀድመው የሚታዘዙ ናቸው እንጂ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ የሚጠየቁ አይደሉም። ዶሃ ላይ አውሮፕላን እንድትቀይር የሰጣችኋት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ትልቅ ኤርፖርት እኔ ብሮጥም አይበቃኝም። "ማር ቢይዙም ችግር የለውም" ያላትስ ማነው? ኒው ዚላንድ ማር አያስገባም። ያላስመዘገቡት ምግብ ከተገኘ ደግሞ ቅጣቱ 400 የኒው ዚላንድ ዶላር ነው። እናንተን አምነን የገዛነው ማር ይኸው ቤት ተቀምጧል።

አሁን ወንበሩን ለመሄጃም ለመመለሻም ኮሪደር አድርጉልን። ምግቡንና ዊልቸሩን እዘዙና ማረጋገጫውን በቴሌግራም ላኩልኝ፣ በቃል አልቀበልም። ዶሃ ላይ ቢያንስ 3 ሰዓት የሚሰጥ በረራ ፈልጉ፣ የዋጋውን ልዩነት እናንተ ቻሉት። ያ ልጅም ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እኔን ሳይሆን ማዘርን። እስከ ዓርብ ካልሆነ ግን ሙሉ ብሩን ያለ ቅጣት ትመልሳላችሁ። "ሲስተም የለም" ብትሉኝ ቀጥታ ንግድ ቢሮ ነው የምሄደው። ቁጥሬ ፋይሉ ላይ አለ፣ በዚህኛው ዙር እናንተ ደውሉ።