ደብዳቤ ለልጄ፦ ከመዝፈንሽ በፊት ኪዩን ንገሪያቸው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሁድ ዕለት ስለ ብሉግራስ (የአሜሪካ ገጠር የክር መሣሪያ ሙዚቃ) ጃሙ፣ ሰዎች ተሰብስበው በተራ ስለሚዘፍኑበት፣ ስትነግሪኝ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ እናትሽ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝና ወሬው ወደ ምግብና ወደ ብርድ ዞረ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ዘፈኑን በጂ ጀመሩልሽ፤ ኪዩ፣ ማለትም ዜማው መነሻና ማረፊያ የሚያደርገው ድምፅ፣ ጂ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ላይ ድምፅሽ ጮክ ብሎ ከሚሰማው የክር መሣሪያ ከባንጆው ሥር ተቀበረ፤ አንድ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ከፍ ብለሽ ስትሞክሪው ደግሞ አዝማቹ ላይ ጩኸት ሆነ። በዚህ ምክንያት «ብሉግራስ ለእኔ ድምፅ የተሠራ ዘፈን አይደለም» አልሽኝ። ይህን አልቀበልሽም። ያልተስማማሽ ጂ ነው፤ እርሱም ለዚያ ዘፈን ብቻ።

ጊታርሽን አንሺና አብረን እንየው። ያለ ጭንቀት የምትዘፍኝው ከመካከለኛው ሲ በታች ካለው ጂ ጀምሮ ከሲው በላይ እስካለው ኤ ድረስ ነው። የዚያ ዘፈን ዜማ ከመነሻው ወደ ላይ ሲቆጠር አምስተኛ የሚሆነው ድምፅ ከመነሻው በታች እስከሚገኝበት ይወርዳል፣ ወደ ላይ ደግሞ እስከ ስድስተኛው ይወጣል። በጂ ከሆነ ታችኛው ጫፍ ዲ፣ ላይኛው ጫፍ ኢ ነው ማለት ነው። ለብዙ ወንዶች ይመቻል። አንቺ ግን ያንን የታች ዲ ብታገኝው እንኳ ከአፍሽ አይወጣም፤ በኦክታቭ ስታነሽው ደግሞ የላዩ ኢ በደረትሽ ድምፅ ከምትደርሽበት በላይ ነው። አሁን ዘፈኑን ወደ ሲ ውሰጅው። ታቹ ጂ፣ ላዩ ኤ ሆነልሽ። ልክሽ ነው።

ታዲያ «የእኔ ኪይ ሲ ነው» ብለሽ ማስታወሻሽ ላይ እንዳትጽፊ። ሴቶች በሲና በዲ ይዘፍናሉ የሚባለው እውነትነት አለው፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ከመነሻው ድምፅ ተነሥቶ ሙሉ ኦክታቭ የሚወጣ ዘፈን ቢገጥምሽ፣ በሲ ስትዘፍኝው ጫፉ የላይኛው ሲ ይሆንና ያንቅሻል። ያንኑ ዘፈን በጂ ብትይዥው ግን ከጂ እስከ ጂ ነው፤ እሁድ የተማረርሽበት ኪይ ለዚህኛው ይመችሻል። ኪዩ ኤ ቢሆንም ይሆናል፤ ከኤ እስከ ኤ ትደርሻለሽ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ጻፊ፤ ኪዩ ከእነርሱ ይወጣል። ላይኛውን ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኝው አዝማቹ ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያው ቤት ብቻ ለክተሽ አትነሺ።

ስትለኪ ደግሞ ቁመሽ፣ ድምፅሽን ለቀቅ አድርገሽ ይሁን። ማታ ክፍልሽ ውስጥ ጎረቤት እንዳይሰማ እያንጎራጎርሽ የመረጥሽው ኪይ ጃሙ ላይ ዝቅ ይልብሻል። እዚያ ማይክሮፎን የለም፤ ባንጆና ማንዶሊን (ትንሽ፣ ድምፀ ቀጭን የክር መሣሪያ) ደግሞ ለማንም አያዝኑም። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ቶሎ ይዋጣል። ቤትሽ ውስጥ ትንሽ ከፍ ያለ የመሰለሽ ኪይ እዚያ ልክ ሆኖ ታገኝዋለሽ።

«ይህ ዘፈን የሚዘፈነው በቢ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ። የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ስለነበረው ቢ ፍላትንና (ከቢ በግማሽ ድምፅ የሚያንሰውን) ቢን ይወድ ነበር፤ ብዙ ሰው ኪዩን ከእርሱ ሸክላ ተቀብሎ እንደ ሕግ ይዞታል። ሕጉ ግን የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። የእኛ አዝማሪ መሰንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ድምፅ አይደል? የሌላ አዝማሪ ቅኝት ከፍታ ምን ይገደዋል? ይህን ስልሽ ግን ቢን ሳትሞክሪ አትጣይው፤ ከሲ በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚያንሰው። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ገትረው የሚደርሱበት ቦታ ለአንቺ ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ሴት ፊት ሆና መዝፈኗም አዲስ ነገር አይደለም። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ ሄዝል ዲከንስና አሊስ ጄራርድ አብረው ይዘፍኑ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነው። ዲከንስ ከዌስት ቨርጂኒያ የማዕድን አገር ወጥታ ባልቲሞር ፋብሪካ ውስጥ የሠራች ሴት ናት። ፈልገሽ አድምጫት፤ ድምፅዋን ለማሳመር ስትጨነቅ አትሰሚያትም።

ኪይሽን ስትመርጭ የሌሎቹንም ድካም አስቢ። ባንጆው ክፍት ሲሆን በጂ የተቃኘ ነው። ለሲ ብዙዎቹ ካፖውን (ክሮቹን ጨብጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን መቆንጠጫ) አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው መስመር) ላይ ያስራሉ፤ አጭሯን አምስተኛ ክርም በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ቅኝቱን ማስተካከል አለ። ካፖው እስኪታሰር አትጀምሪ። አንቺ ደግሞ በጊታርሽ ሲን ያለ ካፖ ትጫወችዋለሽ፤ ለዲ የሲን አጣጣል ይዘሽ ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ማድረግ ነው። ፊድል (ቫዮሊን) እና ማንዶሊን የሚጫወቱት ግን ካፖ የላቸውም። ኢ ፍላት ብትያቸው ፊታቸው ሲጨልም ታያለሽ። ዲ ወይም ኢ ከቻልሽ ወደዚያ ጠጋ በይ፤ ካልቻልሽ ግን ኢ ፍላት ብለሽ ዝፈኝ፣ ጥርስ አይነክሱብሽም። ግጥም የሌላቸው የፊድል ዜማዎች ብቻ የየራሳቸው የታወቀ ኪይ አላቸው፤ እነርሱን አትንኪ።

ሌላው ተከታይ ድምፅ ነው። በብሉግራስ ቴነር የሚባለው አጃቢ ድምፅ የሚገባው ከመሪው በላይ ነው፤ አንቺ ኤ ላይ ስትደርሽ ወንዱ ከዚያ በላይ ይውጣ ማለት ጭካኔ ነው። ወይ ሌላ ሴት ትያዘው፣ ወይ ሁለቱም ወንዶች ከአንቺ በታች ይግቡ። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነጋገሩበት።

ተራሽ ሲደርስ «በሲ ነው፣ አዝማቹ ላይ ሁለተኛው ኮርድ ይመጣል» በያቸው፤ ከመነሻው ሲቆጠር ሁለተኛው ድምፅ ላይ የሚቆመውን ኮርድ ማለቴ ነው፤ ይበቃል። «ይቅርታ፣ ድምፄ ስላልደረሰ ነው» የሚለውን ግን አልወደድኩልሽም። ኪዩን የሚናገረው ዘፋኙ ነው፤ እነርሱም የሚጠብቁት ያንን ነው።

ነሐሴ ላይ ቨርጂኒያ ወዳለችው ጋላክስ ከተማ ከሄድሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1935 ጀምሮ በሚካሄደው የፊድለኞች ጉባኤ ጃሙ ድንኳኖቹ መካከል ነው፤ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ትቆሚያለሽ። እስከዚያ ድረስ የስድስት ዘፈን ጫፎች ይኑሩሽ። ያቺ በሦስት ምት የምትሄደው፣ ስልክ ላይ ያንጎራጎርሽልኝ፣ ለዲ የምትሆን ይመስለኛል፤ ሁለቱን ጫፎቿን ለክተሽ ላኪልኝ። እናትሽ ጋቢውን ላክሁት ብላለች።

አባትሽ