ባርኔጣው ውስጥ ለጨመራችሁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ለቤት ኪራዬ የተዋጣልኝን ገንዘብ ማን ማን እንደሰጠኝ ስለማላውቅ ነው። የስም ዝርዝር የለም። የነበረው አንድ አሮጌ ባርኔጣ ብቻ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ከተማ በብስክሌት ምግብ አደርሳለሁ። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የእንጦጦን መንገድ በእግሩ የሞከረ ሰው ይገባዋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እርጥብ ቅጠል አንሸራተተኝና እግሬ ተሰበረ። ሕክምናው በነጻ ነው፣ ተመስገን። ሥራው ግን «የራስህ ተቀጣሪ ነህ» የሚባልበት ዓይነት ነው። አንተ ስትተኛ ደመወዝህም አብሮህ ይተኛል። የቤት ኪራይ ግን አይተኛም። የምሠራላቸው ሰዎች «ቶሎ ይሻልህ» የሚል መልእክት በስልኬ ልከውልኛል። እነሱንም ከነመልእክታቸው አመሰግናለሁ።

ከግድግዳዬ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ኮንሰርቲና ይጫወታሉ። ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ አኮርዲዮን በሏት፤ በሁለት መዳፍ መሃል ትያዛለች። የፈጠራት በቴሌግራፍ ሥራው የሚታወቀው እንግሊዛዊ ቻርልስ ዊትስተን ነው። ሾርባ ይዘውልኝ መጡና «ኪራይህ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው ፐብ ውስጥ እንዘፍንልሃለን» ብለው ሄዱ፤ ፐብ የሰፈር መጠጥ ቤት ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የአገሬን ልጆች ስጠራ የገጠመኝን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። «አንተ! በነቢያት ጾም መጠጥ ቤት?» ልክ ነበራችሁ። ጎረቤቴን ስጠይቃቸው ግን ታሪኩን ነገሩኝ። ድሮ በእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ቫዮሊንና ሌላም መሣሪያ የያዙ የሰፈር ሰዎች ቆመው ይዘምሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካህናቱ ኦርጋንና የሠለጠነ መዘምራን ፈለጉና እነዚያን ሰዎች ከሰገነቱ አወረዷቸው። እነሱም የገና ዝማሬያቸውን ይዘው ወደ ፐብ ገቡ። በሸፊልድ ዙሪያ ባሉ እንደ ደንግወርዝና ዎራል ባሉ መንደሮች እስከ ዛሬ ከፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ ፐብ ውስጥ ይዘመራል። ይህን ለአንድ አባት ብነግራቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያልመጣ የለም ማለት ይቻላል።

ያን ምሽት መድረክ የለም፣ ማይክ የለም። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ጠጪው አጠገባቸው። አንዱ የዜማውን ስም ይጠራል፣ ቫዮሊኑ ይጀምራል፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ አፉን ይከፍታል። ተመልካች የሚባል ነገር የለም። ቢራ የሚቀዳው ልጅ ሳይቀር እየቀዳ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ነበር። የተሰበረ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስቀመጥ የወለሉ እንጨት ሲርገበገብ በጀሶው ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ መልአኩ መጣ የሚለውን፣ ሉቃስ ላይ ያለውን ታሪክ፣ በተለያየ ዜማ ደጋግመው ይዘምሩታል። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማው ይቀየራል። አንደኛው ዜማ ቶማስ ክላርክ የተባለ የካንተርበሪ ጫማ ሠሪ የደረሰው ነው፤ በፈረንጆቹ 1805 ታትሟል። እዚሁ እኛ ያለንበት የዮርክሻየር አውራጃ ሰዎች ይህንኑ ዜማ ወስደው ሌላ ግጥም አልብሰውታል። ያለ ባርኔጣ ኢልክሊ በሚባል ብርዳም ሜዳ ላይ ስለዋለ ጎረምሳ ነው። ብርድ ይመታሃል፣ ትሞታለህ፣ እንቀብርሃለን፣ ትል ይበላሃል፣ ትሉን ዳክዬ ይበላዋል፣ ዳክዬውን እኛ እንበላዋለን ይሉታል። እናም መጀመሪያ እረኞቹን፣ ቀጥሎ ባርኔጣ የሌለውን ሰውዬ ዘመሩ። ለእኔ መዋጮ የሚሰበሰብበት ባርኔጣ ቤቱን የዞረው በዚህኛው መሃል ነው። ሰው እየሳቀ ይጨምራል፣ ማንም የማንንም እጅ አያይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ እንዳትቀየሙኝ። እኛ ገቢ ስናሰባስብ ማይክ ይዘን «አቶ እገሌ 100 ፓውንድ! አጨብጭቡላቸው!» ነው የምንለው። ሞቅ ያደርጋል፣ አይካድም። አምስት ፓውንድ ያላት እናት ግን ጥግ ይዛ ታቀረቅራለች። ባርኔጣው ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚያ የመዝፈን ተራው ዞሮ እኛ ያገር ልጆች ጋ ደረሰ። ልማዳቸው ነው፤ ደግሞ ማንም አይገደድም። ወንዶቹ ሁሉ ጫማችንን ማየት ጀመርን። ጉሮሯቸውን የጠረጉት ከእኛው ጋር የመጡት እማማ ናቸው። «እሹሩሩ»ን ያዙ፤ ልክ ልጅ እንዳዘለ ሰው እየተወዛወዙ። ሁለተኛው ላይ ጎረቤቴ ኮንሰርቲናዋን ቀስ አድርገው አስከተሉ። ሦስተኛው ላይ ቤቱ በሙሉ «እሹሩሩ» ይል ነበር፣ «ሹ»ን ትንሽ እያስረዘመ። ከአጠገቤ የነበረ ጺማም ግዙፍ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። እማማ ሲጨርሱ ቢራ ሊጋብዛቸው ተነሣ። ሻይ መረጡ።

ምስጋናዬ እንግዲህ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ማጉያ ከሌለ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ፈቃድ አያስፈልግም፣ በፈረንጆቹ የ2012ቱ የሙዚቃ ሕግ ለእኛ ነው የወጣው እያለች በሯን የከፈተችልን የፐቡ ባለቤት፣ የምስር ወጡ ሽታ መጋረጃሽ ላይ ከቀረ ይቅርታ። በዝናብ መሣሪያቸውን ተሸክመው ለመጡት፣ ከነክራንቼ ደረጃውን ላወጡኝና ላወረዱኝ ልጆች፣ እንጀራ ለጋገራችሁ እህቶች፣ ስሙን ሳላውቀው ባርኔጣው ውስጥ እጁን ለከተተ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የተከማቸው ኪራይ ተከፍሏል። ጀሶውም ወጥቷል፤ ሥራ ግን ገና ነው።

እማማ፣ አንድ ጉዳይ ቀርቶናል። ጎረቤቴ የ«እሹሩሩ»ን ግጥም በእነሱ ፊደል ጻፍልኝ ብለው ይዘውኛል። ለሚቀጥለው ዓመት ያስፈልገናል ባይ ናቸው። እኔ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ አላስታውሰውም። እባክዎ ሲመችዎ ይደውሉልኝ።