ወዳጄ፣ ስለ ብሎክቼይኑ ጉዳይ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን የላክህልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ ብሎክቼይን፣ ብዙዎች ስለሚጋሩት አንዴ ከተጻፈበት ስለማይፋቀው የኮምፒውተር መዝገብ፣ መሆኑ አሳቀኝ። የልጆችህን ደህንነት እንኳ ሳትነግረኝ! ይሁን፣ ከምትጠፋ ይሻላል።

የዕርዳታ ድርጅታችሁ ሊገባበት ነው ብለሃል። እንግዲያው የዮርዳኖሱን ተመልከት። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ቢልዲንግ ብሎክስ የተባለውን ሥርዓት በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፓኪስታን ውስጥ ሞከረው፤ በዚያው ዓመት ዮርዳኖስ ውስጥ አዝራቅ በሚባለው የሶርያ ስደተኞች ካምፕ 10,000 ለሚሆኑ ሰዎች ሥራ ላይ አዋለው። አንዲት እናት አስቤዛዋን ይዛ ሒሳብ ተቀባዩ ዘንድ ትቀርባለች። ካርድ የለ፣ ጥሬ ገንዘብ የለ። ዓይኗን ለመሣሪያው ታሳያለች፣ ከድርሻዋ ይቀነሳል፣ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ድርጅቱ ከሱቁ ጋር ኋላ ይተሳሰባል፤ ለባንክ ይከፈል የነበረው ኮሚሽንም አብዛኛው ቀረ። ሴትዮዋ ብሎክቼይን የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ አላስፈለጋትም፤ እኔን የማረከኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ መዝገቡን የያዘው አንድ ድርጅት ብቻ ስለነበር «ታዲያ ተራው የኮምፒውተር መዝገብ (ዳታቤዝ) ምን አነሰው?» ያሉ ነበሩ። እውነታቸውን ነው። ነገሩ ትርጉም ያገኘው ሌሎች ሲገቡበት ነው፦ ዮርዳኖስ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት (ዩኤን ዊሜን) ተቀላቀለ፣ ዩክሬን ላይ ደግሞ ብዙ የዕርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ በዚሁ ሥርዓት ተናበቡ። ስለዚህ አለቆችህን በቅድሚያ ይህን ጠይቃቸው፦ መዝገቡን ከማን ጋር ልትጋሩት ነው? መልሱ «ከማንም» ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

«ሙስናን ያጠፋል» የሚሉህን ግን አትመን። የመጋዘን ሠራተኛው 80 ኩንታል ተረክቦ 100 ብሎ ቢያስገባ፣ ብሎክቼይኑ ያንን 100 አንድም ሰው እንዳይፍቀው አድርጎ ያስቀምጥለታል። ቆጣሪ ሰው ያው ያስፈልጋል። ስምና የዓይን አሻራም እዚያ ላይ እንዳይጻፍ፤ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው ማንነቱ በማይሰረዝ መዝገብ ላይ ቢገኝ ምን እንደሚከተል አንተው ታውቃለህ። ብሎክቼይን ኤሌክትሪክ ይፈጃል የሚለው ስጋት እንኳ ቀሏል፤ ከታላላቆቹ የብሎክቼይን መረቦች አንዱ የሆነው ኢቴሪየም በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ሻጮቹ ያመጡላችሁን ሰነድ ከስብሰባው በፊት ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ስለ ልጆቹም ጻፍልኝ እንጂ!

ያንተው