የእምነታችን ሰው ስለሆነ ብቻ?

ለክቡር አዘጋጅ፦

በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ዋዜማ የንስሐ አባቴን «አባ፣ ማንን ልምረጥ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሳቅ ብለው «ይህን እንኳ ወደ እኔ አታምጪው» አሉኝ። ያኔ ቅር ቢለኝም ልክ ነበሩ።

«የእምነታችን ሰው ነውና እሱን እንምረጥ» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ለሕግ አዋቂዎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 መዘንጋቱ ነው። ዮቶር ሙሴን ሹማምንት ምረጥ ሲለው እግዚአብሔርን መፍራት ብቻ ይበቃል አላለም፤ አዋቂ፣ የታመነ፣ የግፍን ረብ የሚጠላ ይሁን አለ እንጂ። (መካሪው ራሱ እኮ የምድያም ካህን እንጂ እስራኤላዊ አልነበረም!)

ስለዚህ ነጠላውን አጣፍቶ ፎቶ የተነሣ እጩ ሳይ ሌላ ሌላውን እጠይቃለሁ። ሹመት ላይ ሳለ ባለጉዳይ መበለትን ስንት ጊዜ «ነገ ነይ» ብሎ መለሳት? ድንገት ያፈራው ቤት ከየት መጣ? ቋንቋው ከእሱ ስለሚለየው ጎረቤቱ ሲያወራስ በምን አንደበት ነው? ጾም ጸሎቱን እሱና አምላኩ ይወቁት።

ይህንኑ ለማኅበርተኞቼ ብነግራቸው ግማሾቹ አኮረፉኝ። ጠበሉን ግን አብረን ቀመስን።

አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ