አባባ፣ ፒካፗን አይሽጧት

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ወገብ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ባለፈው እሑድ ማሙሽ በስልክ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ፒካፗን ለቁራሌው በኪሎ ሊሰጧት ነው አለኝ። አራት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆማ ሣር ውጧታል፣ ዶሮዎቹም ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥላሉ አለ። ብዙ ልናገር ፈልጌ መስመሩ ተቆራረጠብኝ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ለገና ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣ ሰው ልኬልዎታለሁ። ማሙሽ እስከ መጨረሻው ያንብብልዎ። እባክዎ እስከዚያ አይሽጧት።

የምጽፍልዎ በወሬ የሰማሁትን አይደለም፣ በእጄ የሠራሁትን ነው። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ በ1,800 ዶላር ገዛሁ። በፈረንጅ የ1986 ሥሪት ናት። የኛዋ ሂሉክስ ማለት ናት። እዚህ አገር ግን ሂሉክስ የሚለውን ስም ከ1976 ጀምሮ ትተውት ፒካፕ ብቻ ይሏታል። ሞተሯ 22 አር ይባላል። ባለ 2.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው ነው። ኮፈኗን ስከፍት የቤንዚኑ ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ። እርስዎ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው፣ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ካቻቢቴና ፒንሳ ሳቀብልዎ ታየኝ።

የሸጡልኝ ሽማግሌ ስድስት ዓመት አልነዷትም ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፣ አዲስ ቤንዚን ጨመርኩባት፣ ተነሳች። ከተማ ውስጥ ሜዳ ለሜዳ በደንብ ትሄዳለች። ችግሯ ዳገት ላይ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና ተራራ ይወጣል። እሱን ስትጀምር አቅም ታጣለች፣ ትንተባተባለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠርዝ ይዤ ስቆም ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

አባባ፣ ጣርማ በር ትዝ አላለዎትም?

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን፣ ደብረ ሲናን አልፈን፣ ዋሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እዚያችው መታጠፊያ ላይ ነበር የምትቆምብን። እርስዎ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርግ ይሉኛል። እኔ በሃይላንድ ውኃ ጨርቅ አርሼ አመጣለሁ። ጨርቁን የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጠምጥመው ሲጋራ ለኩሰው ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ትነሳለች። «ሙቀት ነው» ይሉ ነበር። እኔም ስንት ዓመት ሙቀት ነው እያልኩ ኖርኩ። ሙቀት ቤንዚኑን በቱቦው ውስጥ አትንኖ ሞተር እንደሚያቆም እውነት ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። ግን ጣርማ በር ላይ ክረምት ከበጋ ጭጋጉ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ብርድ ጠዋት በ12 ሰዓትም ትቆምብን ነበር። አሁን ሳስበው መድኃኒቱ ጨርቁ አልነበረም። መድኃኒቱ የቆምንበት ሩብ ሰዓት ነበር።

እንዴት እንደደረስኩበት ልንገርዎ። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ካርቡሬተሩ ሞቷል አሉኝ። አዲስ ገዝቼ፣ አስገጥሜ፣ ከ500 ዶላር በላይ አወጣሁ። ዘጠኝ ቀን ሠራች። በአሥረኛው ቀን ያው ዳገት ላይ ቆመች። ገንዘቡ ሌሊት ቆሜ የሠራሁበት ስለሆነ በጣም አዘንኩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለአንድ የጎንደር ሰው አወራሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መካኒክ የነበሩ ናቸው። «ቤንዚን የሚመጣው ከታንክ ነው። አንተ ለምን ከመጨረሻው ጀመርክ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ቤቴ መጡ። ከሁሉ በፊት የታንኩን ክዳን አዩ። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን መተንፈሻ አለች። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ በተቀዳ ቁጥር ታንኩ ውስጥ አየር ያጥራል፣ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። መኪናው እንደቆመ ክዳኑን ሲከፍቱት ፍስስ ካለ በሽታው እሱ ነው። የኔዋ ደኅና ነበረች። ከዚያ በፓምፑ ፊት ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ማጣሪያ፣ ፊልትሮ፣ አስገቡልኝና ነድተህ ና አሉኝ። ተመልሼ ሳየው ፊልትሮው ቀይ አፈር የጠጣ ይመስል ነበር። ዝገት ነው፣ ከታንኩ የመጣ።

ታንኳን ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ወደ 15 ሊትር አሮጌ ቤንዚን ወጣ። ቀለሙ የወፈረ ሻይ ይመስላል፣ ሽታው ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ነው። ቤንዚን ለዓመታት ሲቆም ቀላል ቀላሉ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይቀራል። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን የምትስበዋ ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት አለች። ወንፊቷን ዝገትና ሙጫ ዙሪያዋን ለብጧታል። ሰውየው ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያስረዱኝ። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፣ ፓምፑም አጥብቆ ይስባል። ቆሻሻው ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ይጠማል፣ ይጠፋል። መኪናው ሲቆም መሳቡ ይቀራል፣ ቆሻሻው ተላቆ ወደ ታች ይወርዳል። እንደገና ሲያስነሱት መንገዱ ክፍት ነው።

የኛዋ ታንክ፣ እርስዎ ሳልባትዮ የሚሉት፣ ስንት ነገር እንደገባበት ያስታውሱ። ክዳኑ አዲስ አበባ ተሰርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ በጨርቅና በፌስታል ወትፈን ነድተናል። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር በጄሪካን ያገኘነውን ሁሉ ጨምረናል። ውኃም ይኑርበት ላምባ፣ አጣርተን አናውቅም። ካርቡሬተሯ ግን በየሦስት ወሩ ይፈታ ነበር። ታንኳን አንድም ቀን አላወረድናትም።

እዚህ ላይ ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብ። ታንኳን ከማውረዱ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍታ። ሥራው ሁሉ ደጅ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ስለዚህ ታንኳ ወርዳ በምትቆይበት ቀን እማዬ ቡናዋን ጎረቤት ሄዳ ታፍላ። ከሰል ግቢው ውስጥ አይቀጣጠል። እርስዎም ሲጋራዎን ከአጥር ውጭ። መብራት ቢጠፋ በሻማ እንዳያይ፣ ነገ ይሥራው። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የባሰ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ትነትና አየር ተቀላቅለው የሚሞሉት ባዶውን ነው። ቀዳዳ ቢገኝ እንኳ ማንም «በዬ እመልስልሃለሁ» ቢለው እሺ እንዳይል። እንዲህ ያለ ታንክ ፈንድቶ በያጅ ይገድላል። ከባሰባት ሌላ ታንክ እንፈልጋለን። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ማሙሽን ግን መተካት አልችልም።

አጠባው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በኦሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው፣ የቤንዚን ሽታ እስኪጠፋ። እኛ ከዚያ 30 ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) ቆጥረን ጨመርንና ታንኳን እንደ ቅል እየናጥን ዝገቱን አራገፍን። ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማውጣት። አንዷ ከቀረች ዕድሜ ልክ ትንኳኳለች። ቀጥሎ አቼቶ ነው። እማዬ ሰላጣ ላይ የምትጨምረው ያው ነጩ አቼቶ። ሦስት ቀን በየዕለቱ እያገላበጥን አቆየነው። ሲደፋ እንደ ቡና ጠቁሮ ወጣ፣ ከሥሩ ብረቱ ነጭ ሆኖ ታየ። ከዚያ አሲዱ እንዲሞት ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ ማለቅለቅ፣ እንደገና በንጹሕ ውኃ፣ ወዲያው ደግሞ ማድረቅ። የታጠበ ብረት ርጥበት ካገኘ በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል። የደብረ ብርሃን የጥር ፀሐይና ንፋስ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው።

ቧንቧዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ፈትቶ ጎሚስታው ጋ በኮምፕሬሰር ንፋስ ማስነፋት ይበቃል። የጎማ ቱቦዎቹ ግን ሁሉም ይቀየሩ፣ ደኅና ቢመስሉም። የኔዋን ቱቦ ስጠመዝዘው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀ። ቤንዚን ባያንጠባጥብም በስንጥቁ አየር ይስባል። እዚህ አብዛኛው ቤንዚን ውስጥ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለ። ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ የድሮ ጎማም ይጎዳል። እናንተም ዘንድ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ቤንዚን ላይ ይጨመር እንደነበር ያስታውሳሉ፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 ሆነ። የኛዋ ቱቦ ከዚያ ሁሉ በፊት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ነዳጅ የሚችል ቱቦ 6 ሜትር ልኬያለሁ።

ፓምፑን ከማመን በፊት የሞተር ዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ መጠኑም ከነበረበት ከፍ ካለ፣ የፓምፑ ላስቲክ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ እየወረደ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን ጨርሶ አታስነሱ። ፓምፑና ዘይቱ አብረው ይቀየራሉ።

በመጨረሻ ካርቡሬተሩ። ስለ እሱ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን እነዚያን የነሐስ ቀዳዳዎች በሽቦ የሚወጉ ሰዎች! ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦ ያሰፋዋል። ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ይበዛል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ እዚያ ላይ ሲጨመር ጥቁር ጭስና የቤንዚን ብክነት ነው። የኛዋ በመጨረሻ ዘመኗ ጥቁር ታጨስ የነበረው በዚህ ይመስለኛል። በካርቡሬተር ማጽጃና በንፋስ ብቻ ይጸዳ። እኔ የድሮውን፣ ሞቷል የተባለውን፣ እንዲሁ አጽድቼ ጋስኬቱን ቀይሬ መለስኩት። ፊቱ ላይ የቤንዚኑ ልክ የሚታይባት ትንሽ መስተዋት አለች። በሷ መሃል ላይ ቤንዚኑ ሲቆም ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

መስከረም ላይ ያንን ዳገት እንደገና ሞከርኩት። ከዴንቨር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 3,400 ሜትር ላይ፣ አይዘንሃወር የሚባል መሿለኪያ አለ። በፈረንጅ ከ1973 ጀምሮ ነው መኪና የሚያሳልፈው። ዳገቱን ሁሉ በሦስተኛ ማርሽ፣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ አድርጌ ወጣሁት። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተባተበችም። መሿለኪያው ውስጥ ስገባ የጣርማ በር ዋሻ መሰለኝና ጮክ ብዬ «አባባ ገባን!» አልኩ። ልደውልልዎ ፈልጌ ሰዓቱን ሳይ እኔ ጋ ከቀኑ 8 ነው፣ እናንተ ጋ ከምሽቱ 5። ተኝተዋል ብዬ ተውኩት።

አባባ፣ ቁራሌው የሚሰጥዎትን ብር እኔ እልክልዎታለሁ። ከቱቦው ጋር 12 የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታና ሁለት ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ አለ። የካርቡሬተር ጋስኬት ግን በግምት አይገዛም። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ላይ የሞተሩ ዓይነት ተጽፏል። ማሙሽ በጨርቅ ጠርጎ ፎቶ ያንሳልኝ፣ የካርቡሬተሩንም ከሁሉም ጎን። ዶሮዎቹን ደግሞ እማዬ ሌላ ቦታ ትፈልግላቸው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ጎረቤቶቹን ሁሉ እንደምን ናችሁ በሉልኝ።

ልጅዎ